የገና ፊልምና ተከታታይ ድራማ ለቤት፦ ምን እንምረጥ፣ እንዴት እናውርድ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ እንዴት ይታይ

የውጭዎቹ የገና ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች የሚለቀቁት ከኅዳር ጀምሮ እስከ ፈረንጆቹ ገና፣ ዲሴምበር 25 ድረስ ነው። የእኛ ገና ጃንዋሪ 7 ስለሚውል በመካከሉ 13 ቀን አለ። ይህ ክፍተት ለሚያውቅበት ሰው ትልቅ ጥቅም ነው። በእነዚያ ቀናት አዲሱ ሥራ ሁሉ ወጥቶ ያልቃል፤ በየሳምንቱ አንድ ክፍል የሚለቁት ድራማዎችም አብዛኞቹ ይጠናቀቃሉ፤ ያዩት ሰዎች ደግሞ ምን እንዳለበት በዝርዝር ጽፈው ይጠብቁዎታል። የበዓሉ ዕለት ከሰዓት ሳሎኑ በሰው ሞልቶ እያለ ሪሞት ይዞ ግማሽ ሰዓት መፈለግ የሚመጣው እነዚህን ቀናት ሳይጠቀሙባቸው ሲቀሩ ነው።

መጀመሪያ ተመልካቹ፣ ቀጥሎ ፊልሙ

ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ። ሳሎን የሚቀመጠው ማን ማን ነው? ከእነሱ ውስጥ እንግሊዝኛ የማይከታተል አለ? ትንሹ ልጅ ስንት ዓመቱ ነው? የገና ፊልም ሁሉ የቤተሰብ ፊልም ይመስላል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ2003 የወጣው «ላቭ አክቹዋሊ» በየዓመቱ የገና ፊልሞች ዝርዝር ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ «አር» (ከ17 ዓመት በታች ያሉ ያለ ወላጅ የማያዩት) ተብሎ የተመደበ፣ የእርቃን ትዕይንቶች ያሉበት ፊልም ነው። ከአማትና ከአያት ጋር ተቀምጦ የሚታይ አይደለም።

ኔትፍሊክስ ላይ ከፊልሙ ስም ሥር ያለውን 7+፣ 13+፣ 16+ ወይም 18+ የሚለውን ቁጥር ይመልከቱ፤ ምክንያቱም አጠገቡ በአጭሩ ይጻፋል። ይህ ካልበቃዎ አይኤምዲቢ የተባለው የፊልም መረጃ ድረ ገጽ ላይ የፊልሙን ገጽ ከፍተው «ፓረንትስ ጋይድ» የሚለውን ክፍል ያንብቡ። እርቃን፣ ድብድብ፣ ስድብ፣ መጠጥና አስፈሪ ትዕይንት በየርዕሳቸው ተለይተው ተቀምጠዋል። ለአንድ ፊልም ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ይህን ሳያነቡ በቤተሰብ ፊት ፊልም መክፈት ስህተት ነው፤ ማስታወቂያው ላይ የሚታየው ሁልጊዜ የፊልሙ ጨዋ ክፍል ነውና።

ለየትኛው ሰዓት የትኛው

የበዓሉን ቀን በሰዓት ከፋፍሎ መምረጥ ያዋጣል። ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን ያደረ ሰው ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጫጫነዋል፤ ቡና ሲፈላ ወሬ አለ፤ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው ትልልቆቹ በጸጥታ የሚቀመጡት።

ቡና እየተፈላ ረጅም ፊልም አይክፈቱ። ከአቦል እስከ በረካ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይጨዋወታል፤ ንግግር የበዛበት ፊልም በዚህ መካከል አይሰማም። ለዚህ ሰዓት የሚስማማው በ2021 የወጣው «ሾን ዘ ሺፕ፦ ዘ ፍላይት ቢፎር ክሪስማስ» ነው። ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በጎቹም ገበሬውም አንዲት ቃል አይናገሩም። ብሪስቶል ያለው አርድማን ስቱዲዮ በአሻንጉሊት ምስሎች፣ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ በእጅ እያስተካከለ የሠራው ነው። የአምስት ዓመት ልጅና አማርኛ ብቻ የምትናገር አያት እኩል ይስቁበታል። ብሪታንያ ላሉ በቢቢሲ፣ ለሌላው ዓለም በኔትፍሊክስ ነው የወጣው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አዲስ ነገር ለሚፈልግ፣ በዲሴምበር 2025 ኔትፍሊክስ ላይ የተለቀቀው «ማን ቨርስስ ቤቢ» አለ። አራት ክፍል ብቻ ነው። ዋናው ተዋናይ ሚስተር ቢንን የሚጫወተው ሮዋን አትኪንሰን ስለሆነ ማንነቱን ማስረዳት አያስፈልግም። ንግግር ቢኖረውም ቀልዱ በፊቱና በእጁ ነው፤ አንዱ ክፍል አምልጦት የመጣ እንግዳም ብዙ አይጠፋበትም።

ከሰዓት ለልጆች ቀዳሚው ምርጫ በ2019 የወጣው «ክላውስ» ነው። ሰርጂዮ ፓብሎስ ያዘጋጀው፣ 97 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ የብሪታንያውን የባፍታ ሽልማት ያገኘ አኒሜሽን ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ከአያት ቅድመ አያት የወረሱትን ቂም ይዘው በሚፋለሙ ሁለት ጎሳዎች ደሴት ላይ ነው። ሰነፍ ፖስተኛ ይላክባቸዋል፤ የልጆች ደብዳቤና መጫወቻ ቂሙን ቀስ በቀስ ያላላዋል። ደምና እርቅ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ትልቅ ሰው ፊልሙ የልጆች ብቻ ሆኖ አይቀርም። «ዳት ክሪስማስ» (2024) ቀለል ያለ ነው፤ በበረዶ ማዕበል የተዘጋች የእንግሊዝ መንደር ልጆችን ያሳያል። «ጂንግል ጃንግል» (2020) በአብዛኛው ጥቁር ተዋንያን ያሉበት፣ ፎረስት ዊተከር የሚሠራበት፣ ዘፈንና ጭፈራ የሞላበት ነው። ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ልጆች መካከሉ ላይ ይሰለቻሉ፤ ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በማግስቱ ማሳየት ይሻላል።

የልደቱን ታሪክ ራሱን ማየት ለሚፈልግ ቤት ነገሩ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በዲሴምበር 2024 ኔትፍሊክስ «ሜሪ» የሚል ፊልም አውጥቷል፤ ኖዓ ኮኸን ድንግል ማርያምን፣ አንተኒ ሆፕኪንስ ሄሮድስን ሆነው ይጫወታሉ። ለእኛ ተመልካች የሚስበው የሚጀምርበት ቦታ ነው፦ ኢያቄምና ሐና ልጅ አጥተው ሲለምኑ፣ እመቤታችን ለቤተ መቅደስ ስትሰጥ ያሳያል። ይህን ክፍል ሌሎቹ የልደት ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ አይነኩትም፤ ልደታንና በዓታን እያከበረ ያደገ ሰው ግን በደንብ ያውቀዋል። ችግሩ ፊልሙ የራሱን ፈጠራ፣ ፍልሚያና ግድያ የጨመረበት መሆኑ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲያስብበት ተብሎ ተመድቧል። ስለዚህ ለትንንሽ ልጆች አይሆንም። ለትልልቆቹም ቢሆን «ይሄ የእኛ ትውፊት አይደለም» የሚል ክርክር እንደሚነሳ አውቀው ይክፈቱት፤ ክርክሩን የሚወድ ቤት ከሆነ ምሽቱ ይደምቃል። ለልጆች በምትኩ «ዘ ስታር» (2017) አለ፤ ወደ ቤተልሔም የሚሄደውን ጉዞ በአንድ አህያ ዓይን የሚያሳይ አኒሜሽን ነው። «ዘ ቾዝን» የተባለው ተከታታይ ሥራ መነሻ የሆነው አጭር ፊልም «ዘ ሼፐርድም» የእረኞቹን ሌሊት ያሳያል፤ በራሱ በዘ ቾዝን መተግበሪያ ያለ ክፍያ ይታያል።

ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ልብ ሰቃይ የሚወዱ ሰዎች «ኬሪ ኦን»ን (2024) ይመልከቱ፤ በገና ዋዜማ በተጨናነቀ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ፣ ፍተሻ ላይ በሚሠራ ወጣት ዙሪያ የሚካሄድ ነው። «ብላክ ዶቭስ» (2024) በገና ሰሞን ሎንደን ውስጥ የሚካሄድ የስለላ ድራማ ሲሆን ስድስት ክፍል አለው፤ ግድያና ስድብ ስለሚበዛበት የትልልቆች ብቻ ነው፤ በአንድ ሌሊትም አያልቅም። ረጋ ያለ ፊልም ለሚፈልግ «ዘ ሆልድኦቨርስ» (2023) ይበልጣል። በ1970 ገና ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የቀሩ ሦስት ሰዎችን ይከተላል፤ ልጇን በጦርነት ያጣች ምግብ አብሳይ ሆና የተጫወተችው ዴቫይን ጆይ ራንዶልፍ ኦስካር ተሸልማበታለች። ሐዘን ያለበት ቤት ገናን ሲያሳልፍ ሊያየው የሚገባ ነው።

ከአገራችን ሥራ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» (2015) ካን ፊልም ፌስቲቫል ላይ የታየ፣ በአማርኛ የተሠራ ፊልም ነው። እናቱን ያጣ ልጅ ለበዓል ሊታረድ የታሰበውን በጉን ሊያድን ይጣጣራል። ድንቅ ፊልም ነው፤ ግን ግቢው ውስጥ በግ ታስሮ እያለ ለልጆች አያሳዩት፤ ከበዓሉ በኋላ ባለው ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሻላል።

የአማርኛ የበዓል ልዩ ዝግጅቶችንና ድራማዎችን ዩቲዩብ ላይ ሲያዩ ከጣቢያው ወይም ከአዘጋጁ ከራሱ ቻናል ይክፈቱ። ሌሎች ገልብጠው የሚጭኑት ምስል ብዙ ጊዜ ዳርና ዳሩ ይቆረጣል፣ ግራና ቀኙ ይገለበጣል፣ ድምፁም ይቀጥናል ወይም ይጎረንናል። ይህን የሚያደርጉት የዩቲዩብ የቅጂ መብት ማጣሪያ እንዳይዛቸው ነው። ቴሌቪዥንዎ የተበላሸ መስሎዎት ለማስተካከል አይድከሙ።

የዲሴምበር 31 ወጥመድ

ገናችን ዘግይቶ የመምጣቱ አንድ ጉዳት ይህ ነው። የስርጭት ድርጅቶች ራሳቸው ያላሠሯቸውን፣ በኪራይ የሚያሳዩአቸውን ፊልሞች ውል ብዙ ጊዜ በወር መጨረሻ ይዘጋሉ። ዲሴምበር 20 ላይ አይተው የመረጡት ፊልም ጃንዋሪ 7 ላይ ላይኖር ይችላል፤ ያወረዱት ቢሆንም ውሉ ካለቀ አይከፈትም። ኔትፍሊክስ እንዲህ ያለ ፊልም ላይ ከዝርዝሩ የሚወጣበትን ቀን ስለሚጽፍ የፊልሙን ገጽ ከፍተው ይመልከቱ። ድርጅቱ ራሱ ያሠራው ሥራ ግን በዚህ መንገድ አይጠፋም ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። በዲሴምበር አጋማሽ ዝርዝር ያዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ዋና፣ አንድ መጠባበቂያ ይያዙ። ማውረዱን ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ፣ ከጃንዋሪ 2 እስከ 5 ባለው ጊዜ ያድርጉ። ከዚያ ቀደም ብሎ ማውረድም ሌላ ችግር አለው፤ አንዳንድ ፊልም ከወረደ ከሰባት ቀን በኋላ፣ አንዳንዱ ደግሞ መታየት ከጀመረ ከ48 ሰዓት በኋላ ጊዜው ያልፍበታል። «ልሞክረው» ብለው ሁለት ደቂቃ ማየትዎ ሰዓቱን ሊያስጀምረው ስለሚችል፣ ለመሞከር የበዓሉን ፊልም ሳይሆን ሌላ ማንኛውንም ነገር ያውርዱ።

ኢንተርኔቱ ስንት ይበላል

አንድ ቀላል ስሌት ይያዙ። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ ቪዲዮ በሰዓት 0.45 ጊጋባይት ይጨርሳል፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይሰላል። ኔትፍሊክስ የራሱን ግምት ሲሰጥ በዝቅተኛ ጥራት በሰዓት 0.3፣ በመካከለኛ 0.7፣ በከፍተኛው እስከ 3 ጊጋባይት ይላል፤ ፎር ኬ የተባለው እጅግ ከፍተኛ ጥራት ከሆነ እስከ 7 ይደርሳል። ለአንድ በዓል ስድስት ሰዓት ያህል ቢያቅዱ በመካከለኛ ጥራት 4.2፣ በከፍተኛው እስከ 18 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው። በሞባይል ካርድ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ የጥቅሉን ዋጋ ይወስናል። 32 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ከሦስት ሜትር ርቀት ለሚያይ መካከለኛው ይበቃል።

የፍጥነቱን ነገር ደግሞ፣ ኔትፍሊክስ ለ720 ጥራት በሰከንድ 3 ሜጋቢት፣ ለ1080 ደግሞ 5፣ ለፎር ኬ 15 ይመክራል። ፍጥነቱን የሚለኩት ማንም በማይጠቀምበት ጠዋት ከሆነ ቁጥሩ ያታልልዎታል። በበዓል ምሽት ሰፈሩ በሙሉ ወደ ውጭ አገር ዘመዱ ቪዲዮ ይደውላል፤ በዚያ ሰዓት የሚያገኙትን የሚያስገምትዎት ከማታው ሁለት እስከ አራት ሰዓት የለኩት ነው። ቁጥሩ ከ3 በታች ከሆነ በቀጥታ ለማየት አያስቡ፤ ያውርዱ።

ማውረድና ወደ ቴሌቪዥን ማውጣት

ከሁሉ በፊት የፓኬጅዎን ዓይነት ይመልከቱ። ኔትፍሊክስ ላይ «ሞባይል» የሚባለው ርካሽ ፓኬጅ በስልክና በታብሌት ብቻ ነው የሚሠራው፤ ቴሌቪዥን ላይ አይከፈትም። ይህን በበዓሉ ቀን የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ስልኩ ላይ ቢያንስ 5 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያዘጋጁ። መተግበሪያው ውስጥ ወደ «አፕ ሴቲንግስ» ገብተው የማውረጃ ጥራቱን «ስታንዳርድ» ያድርጉ፤ «ዋይፋይ ኦንሊ» የሚለው መብራቱን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ የሞባይል ጥቅልዎ ሳያውቁት ያልቃል። ካወረዱ በኋላ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርገው ይክፈቱት። ከተከፈተ ወርዷል።

አሁን ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር። ፊልሙን ስልክ ላይ አውርዶ በዋይፋይ ወደ ቴሌቪዥን «ካስት» ማድረግ የወረደውን ፋይል አይጠቀምም፤ ቴሌቪዥኑ ራሱ ከኢንተርኔት እንደ አዲስ ይጠራዋል። ኢንተርኔት ከሌለ አይሠራም፤ ካለም፣ ኔትፍሊክስ ካስትን አሁንም በሚፈቅድባቸው መሣሪያዎች ላይ ዳታው ሁለተኛ ጊዜ ይከፈላል። ላፕቶፕም መፍትሔ አይሆንም፤ በ2024 የመጣው አዲሱ የዊንዶውስ መተግበሪያ ማውረድን አስቀርቷል።

የሚቀረው በገመድ ማውጣት ነው፦ ከስልኩ ታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር ማገናኛ። ከመግዛትዎ በፊት ስልክዎ በታይፕ ሲ በኩል ምስል የሚያወጣ መሆኑን ያጣሩ፤ ርካሽ ስልኮች ቻርጅ ከማድረግና ፋይል ከማስተላለፍ ያለፈ ነገር አይችሉም። ማገናኛው ተሰክቶ የስልኩ ዋና ገጽ ቴሌቪዥኑ ላይ በደንብ እየታየ፣ ፊልሙ ሲከፈት ግን ድምፁ ብቻ ተሰምቶ ምስሉ ከጠቆረ፣ ጥፋቱ የስልኩም የቴሌቪዥኑም አይደለም። ፊልሙ ከመገልበጥ የሚጠብቀው ኤችዲሲፒ የተባለ ቁልፍ አለው፤ ርካሹ ማገናኛ ቁልፉን አያስተላልፍም። ሲገዙ ሻጩን «ኤችዲሲፒ ይደግፋል ወይ?» ብለው ይጠይቁት፤ የሚሻለው ደግሞ ስልክዎን ይዘው ሄደው፣ ሱቁ ውስጥ ካለ ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተው የወረደ ፊልም መክፈት ነው። ዋናውን ገጽ ብቻ አይቶ መክፈል አይበቃም።

ምስሉ ከመጣ በኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ነገር ያስተካክሉ። ፊልሙ እንደ ዜና ስቱዲዮ ከልክ በላይ ለስልሶ የሚንሸራተት ከመሰለ፣ «ሞሽን» የሚል ስም ያለውን ማለስለሻ ያጥፉ፤ ወይም የምስል ሞዱን «ሲኒማ» ላይ ያድርጉት። ሙዚቃው እየጮኸ ንግግሩ የማይሰማ ከሆነ ደግሞ የድምፅ ምርጫው ላይ 5.1 የሚለውን ትተው ያለ ቁጥር የተጻፈውን ይምረጡ፤ ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ላለው ቴሌቪዥን የሚሆነው እሱ ነው። የግርጌ ጽሑፉን ፊደልም ከመገለጫዎ ማስተካከያ ገብተው ያተልቁት፤ ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ዝም ብለው ነው የሚቀሩት፣ አይነግሩዎትም።

የዘመድ አካውንት ለሚጠቀሙ

ከ2023 ወዲህ ኔትፍሊክስ አካውንቱን ከአንድ ቤት ውጭ ሲያገኘው ኮድ ይጠይቃል። ኮዱ የሚሄደው ለባለቤቱ ስልክ ወይም ኢሜይል ነው፤ የሚቆየውም 15 ደቂቃ ነው። አዲስ አበባ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው፤ ማንም ተነስቶ አይልክልዎትም። ቀጠሮ ይዘው ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይጨርሱት፤ እዚያ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ይሆናል።

አሜሪካና አውሮፓ ላሉ ደግሞ ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ሆኖ ሊውል ይችላል። ረጅሙን ፊልም ለሚቀጥለው ቅዳሜና እሑድ አስተላልፎ፣ ለዕለቱ ማታ የግማሽ ሰዓቱን መያዝ ይሻላል። የትኛው ፊልም በየትኛው አገር የት እንደሚታይ ለማወቅ ጀስትዋች የተባለውን ገጽ ከፍተው አገርዎን ይምረጡ፤ ዲዝኒ ፕላስ ለምሳሌ እስራኤልና ባሕረ ሰላጤው አገራት ውስጥ ይሠራል። ቪፒኤን (ያሉበትን አገር የሚደብቅ መተግበሪያ) ከፍተው ከሆነ ደግሞ ኔትፍሊክስ በዓለም ሙሉ መብት ያለውን ብቻ ስለሚያሳይ ዝርዝሩ ያጥርብዎታል።

መብራት ቢሄድ

የቤት ዋይፋይ ራውተር ትንሽ ኃይል ነው የሚወስደው፤ ለዚሁ ተብሎ የሚሸጥ ትንሽ ባትሪ ለሰዓታት ያቆየዋል። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር ያንብቡ፤ 12 ቮልት የሚሉ ብዙ ናቸው፣ 9 የሚሉም አሉ። 9 ለሚፈልገው 12 መስጠት ሊያቃጥለው ይችላል። ፋይበር ከሆነ የፋይበሩ ሳጥን ለብቻው ኃይል ሊፈልግ ስለሚችል ሁለቱንም ይመልከቱ። ቴሌቪዥኑን ከሶኬት ይንቀሉት፤ መብራቱ ሲመለስም አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተው ይሰኩት፣ ሲመለስ የሚወረወረው ኃይል ነውና ዕቃ የሚያቃጥለው። በመካከሉ ያወረዱትን በታብሌት ይቀጥሉ፤ ታብሌቱን ጠዋት 100 ፐርሰንት ሞልተው ማዋል ግዴታ ነው።

ለበዓሉ ብቻ ብለው የከፈሉ ከሆነ፣ ከፍለው ሳይቆዩ በዚያው ቀን «ካንስል» ያድርጉ። የከፈሉበት ወር እስኪያልቅ ድረስ ማየት ይችላሉ፤ የሚቀጥለው ወር ሒሳብ ግን ከካርድዎ አይቆረጥም።